ዘቢዳር ጫፍ ሊደረስ ሃያ ደቂቃ ሲቀር

ልጄ ሽማግሌ የላከችብኝ እሁድ ቀን ነው። ከቸርች ተመልሰን፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ገበታ ልቀርብ ስል በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከወንድሜ ጋር በአጥር የተጣላን ጊዜ ያስታረቁን። ሁለተኛው እኔንና ባለቤቴን ያጋቡን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው የልጄ የስፖርት መምህር ነው። ገና ወጣት ነው፣ ከቱታ ውጪ ለብሶ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከሰው የተዋሰው የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሷል።

«ግቡ እንጂ» አልኳቸው። ገቡ። «ተቀመጡ» ብል ግን የሚቀመጥ ጠፋ። ሦስቱም እጃቸውን አጣጥፈው ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም» አሉ ሐጂ።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ይህን ስታይ ፈጥና ነጠላዋን አስተካከለች። ሽማግሌ ቤትህ መጥቶ አልቀመጥም ካለ በእኛ አገር ትርጉሙ አንድ ነው፤ ልጅህን ሊጠይቅ ነው የመጣው። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ደሜ ፈላ።

«ማነው የላካችሁ? የማን ልጅ ነው?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ላኪያችን ሩቅ አይደለችም። እዚሁ ቤት ውስጥ ናት። ልጅህ ናት የላከችን።»

«ለራሷ ባል ራሷ ሽማግሌ ትልካለች?!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ስናደድ የሚሰማኝ ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከብረት መቁረጫ ግራይንደር ጩኸት በላይ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ባል አይደለም» አለ መምህሩ፣ ኮቱ ውስጥ እየሰመጠ። «ተራራ ነው።»

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ ቡታጅራ ውስጥ የብየዳ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የጣሪያ ብረት እሠራለሁ። ልጄ አንድ ናት። ጠባይዋ የእኔ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ስልክ ላይ አንዲት ሴት በረዶ የለበሰ ተራራ ስትወጣ አየች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አጣ። የሰው ልጅ ዘፈን ሲያይ የእኔዋ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው በብርድ ሲንቀጠቀጡ ታያለች። «ምኑ ነው እንዲህ ደስ የሚልሽ?» ስላት «አባዬ፣ እዚያ እኮ ደመናው ከታች ነው» ትለኛለች። ደመናው ከታች ሆነ ከላይ ሆነ እኔ ምን አገባኝ!

ከዚያ ልምምድ ጀመረች። ከቤታችን ፊት ለፊት ለዓመታት ሳይጨረስ የቆመ ባለ አራት ፎቅ ጅምር ሕንጻ አለ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ቦርሳ ተሸክማ ደረጃውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያወቅሁት አንድ ቀን ለደንበኛ በር የቆረጥኩት ብረት ሲጠፋብኝ ነው። ሰውየው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ቁርጥራጩን ሁሉ አገላብጣለሁ፣ ያለ ጥፋታቸው ሠራተኞቹን እሳደባለሁ። ለካ ብረቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው! ልጄ ጀርባ ላይ! ቆሽቴ አረረ። «አንቺ ልጅ፣ ልትገይኝ ነው?» ስላት «አባዬ፣ ክብደቱ ልክ ስለነበር ነው» አለችኝ፤ እንደ ጨዋ ሰው መልስ የሰጠች መስሏታል።

ሌላው ጣጣዋ ልብ መቁጠር ነበር። ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ የራሷን የልብ ምት ትቆጥራለች፣ ቀጥሎ የእናቷን፣ ቀጥሎ የእኔን። ሻይ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሳ መጥታ አንጓዬን ትይዛለች፤ በሌላው እጇ ስልኳን ይዛ ደቂቃውን ትጠብቃለች። «ዝም በል፣ ታሳስተኛለህ» ትላለች። ሻዬ ይቀዘቅዛል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚናገረው ልቡ ነው አለችኝ፤ ቁጥራችንን ሁሉ ደብተር ላይ ትመዘግባለች።

ያን ደብተር አንድ ቀን አገኘሁትና አነበብኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሕግ ጽፋለች። የመመለሻ ሰዓት አይሸራረፍም ይላል አንዱ። የታመመ ሰው ከፍታ ላይ ብቻውን አይተውም ይላል ሌላው። ሦስተኛው ግን አሳቀኝ፤ «አልቻልኩም ያለ ሰው ይታመናል» ይላል። ጮክ ብዬ ለእናቷ አነበብኩላትና «የእኔ ሠራተኞች ሰኞ በመጣ ቁጥር አልቻልንም ነው የሚሉት፤ ባምናቸው ኖሮ ቤቱን ዘግቼ ነበር» አልኩ። ልጄ ሰምታኝ ኖሮ መጥታ ደብተሩን ከእጄ ቀማችኝ። «ሰው ተራራ ላይ የሚሞተው እኮ ለዚህ ነው፤ አልቻልኩም ሲል የሚያምነው አጥቶ» አለችና ወጣች። እኔ መሳቄን አልተውኩም።

ቀጥሎ ፎርሙ መጣ። አዲስ አበባ ያለ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ማኅበር ወጣቶችን መርጦ ራስ ዳሽን ሊያወጣ ነው ተባለ። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕድሜው አሥራ ስምንት ላልሞላ የወላጅ ፊርማ። ሁለተኛ፣ አመልካቹ ራሱ ከፍ ያለ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ፣ ከፍታውን የሚያሳየው ስልክ እጁ ላይ እየታየ። ለዚህ ሁሉ የቀረው አንድ ወር ነበር። ፎርሙን ይዛ ስትመጣ ቀና ብዬም ሳላይ «አልፈርምም» አልኳት። ሁለት ሳምንት ለመነችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ተወችው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ሽማግሌ እየመረጠች ኖሯል! አመራረጧን ደግሞ እዩልኝ፤ እንቢ ልላቸው የማልችላቸውን ሁለት ሰዎች ለይታ፣ ሦስተኛውን ነገር አዋቂ አድርጋ።

ለምን እንቢ አልክ የሚለኝ ይኖራል። እኔ ዕድሜዬን ጣሪያ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንሴኖ ከተማ የእህል መጋዘን ጣሪያ ስንሠራ አጠገቤ የነበረ ጓደኛዬ እግሩ ሸርተት አለ። እየሳቀ ነበር፣ የሆነ ነገር እያወራኝ። ከታች ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰው ሲስቅ ሳይ ውረድ ብዬ እጮሃለሁ። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። የምነግራት «አልፈርምም» ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው። ልጄ ከመኝታ ክፍሏ በር ጀርባ ሆና ትሰማለች፤ እግሯ ከበሩ ሥር ይታየኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እሱን እያወቀች ነው ያቆመችብኝ። ሐጂ «ልጅቷ መጥፎ ነገር አልጠየቀችም፤ ተራራውም አላህ የሠራው ነው» ይላሉ። መምህሩ ስለ ሳንባዋ ያስረዳል። መውጫ ሳጣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አንድ ነገር አመጣሁ።

«እሺ» አልኩ። «ራስ ዳሽን ከመሄዷ በፊት ደጃችን ያለውን ትውጣ። ዘቢዳርን ትውጣና ጫፉ ላይ ፎቶዋን ታንሳ። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ጫፍ ከደረሰች እፈርማለሁ።»

«ቃልህ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ቃሌ ነው።»

ተቀመጡና በሉ። መምህሩማ ሁለቴ አስጨመረ። ዘቢዳርን ቡታጅራ ያለ ሰው ሁሉ ቀና ባለ ቁጥር ያየዋል፤ ላዩ ላይ ደመና የማይጠፋበት ተራራ ነው። እኔ ልቤ ውስጥ ያሰላሁት ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ብርዱና ዳገቱ ይመልሳታል ብዬ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል እኛ ዘንድ አይታጠፍም፤ ያጠፈ ሰው ነገ በልቅሶም በሠርግም የማንን ዓይን ያያል?

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ቀነ ገደቡ ሊሞላ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ባጃጅ እስከሚችለው ድረስ ወሰደንና አወረደን፤ ከዚያ በእግር። ልጄ ከሰልባጅ ተራ የገዛችው ጫማ አድርጋለች፣ ጫማው ከእግሯ ትንሽ ይበልጣል፣ ሁለት ካልሲ ደርባበታለች። መጀመሪያ እንሰትና ጫት ባለበት ጓሮ መካከል አለፍን። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ድንችና ነጭ ሽንኩርት ተሸክመው በሩጫ ያልፉናል። ልጄ አትሮጥም። አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። «አባዬ፣ አትቸኩል» ትለኛለች። እኔ አልሰማትም፣ ቀድሜያት እሄድና ቆሜ እጠብቃታለሁ። ትስቃለች።

ከገብስ ማሳው በላይ የመጨረሻው ቤት ጋ አንድ አባወራ ፈረስ ሲያበላ አገኘነው። በጉራጊኛ ሰላም አለንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን።

«ጫፍ ድረስ» አለችው ልጄ።

ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኛ አየ። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው? ከብት ነው?»

«ምንም አልጠፋብንም» አለች እየሳቀች። ሰውየው አላመናትም። ከብት ከሆነ ጠዋት ከላይ ያያት አንዲት ቀይ ጊደር እንዳለች ነገረን፤ ስንመለስም ገብተን ቆጮ ሳንበላ እንዳናልፍ አስማለን።

ከዚያ ወዲያ ዛፍ የለም፤ ሳርና ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለው የደጋ ተክል፣ ጅብራ፣ የቆመበት ነው። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሳልዋሽ ልናገር፣ ትንፋሼ አጥሮ ነበር፣ ግን ደህና ነበርኩ። ብረት ተሸክሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ልጄ በየሰዓቱ ውሃ ታጠጣኛለች። አንድ ቦታ ቆመንና ወደ ታች አየን። ቡታጅራ አንድ መዳፍ ታክላለች። «ያ ሰማያዊው ቆርቆሮ የእኛ ነው!» ብላ ጮኸች። የእኛ ይሁን የሌላ ሰው እንጃ፣ ለእሷ ግን የእኛ ነበር። ያን ጣሪያ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ከላይ ሆኜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጫፉ ታየን። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ነው፤ አጠገቡ ሁለት ጅብራ። «ሃያ ደቂቃ» አለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ በንፋስ ተሰነጣጥቋል። የመጨረሻው ዳገት ጠበብ ይላል፣ በአንድ ጎኑ ገደል ነው። እሷ ገደሉን አላየችውም። ወደ ኋላም አላየችም። ጀርባዋን እያየሁ ሳለ ስትስቅ ሰማኋት፣ ብቻዋን፣ ለራሷ።

ያን ሳቅ ስሰማ የመጋዘኑ ጣሪያ መጣብኝ። ይህቺ ልጅ እዚያ ቋጥኝ ላይ እግሯ ከረገጠ እኔ መፈረሜ ነው። ራስ ዳሽን ትወጣለች። ከዚያ በረዶ ወዳለበት፣ ከዚያ ወዲያ ስሙን እንኳ ወደማላውቀው። አንድ ቀን ስልክ ይደወልልኛል። ቃሌን ማጠፍ አልችልም፣ ሦስት ሽማግሌ ሰምቷል። ከቃሌ የማመልጥበት የቀረኝ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷ ጫፍ እንዳትደርስ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አልቻልኩም» አልኳት።

ይህን ቃል ስመርጥ ደብተሯ ትዝ ብሎኝ ነው። ሳላውቅ አይደለም። አውቄ ነው። ተመልሳ እየሮጠች መጣች፣ በዚያ ዳገት ላይ። ፊቴ ተንበረከከች። «ራስህን ያምሃል? ያቅለሸልሽሃል?» ጠየቀችኝ። ለሁሉም አዎ አልኩ። ከንፈሬን አየች፣ ጥፍሬን አየች። አንጓዬን ያዘችና ስልኳን አወጣች። ከላይ ንፋሱ ይጮሃል። በዚያ ንፋስ መቁጠር የምትችል አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። ሕጓን እያወቅሁ፣ እንደማትሄድ እያወቅሁ። በኋላ ከለከልከኝ እንዳትለኝ።

አንዴ ቀና ብላ ቋጥኙን አየችው። ከዚያ የእኔን ቦርሳ ከራሷ ላይ ደርባ ተሸከመችና «ቀስ ብለን እንውረድ» አለችኝ። ክንዴን ደግፋ፣ እግሬን የት እንደማሳርፍ እያሳየች፣ እንደ ሽማግሌ አወረደችኝ። እኔም የታመመ ሰው መሆን አለብኝና እያቃሰትኩ ነው የወረድኩት። ሲያስቀይም!

ፈረስ ያለው ሰውዬ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። «አገኛችሁ?» አለ።

«አላገኘንም» አለችው ልጄ።

ቤት ስንደርስ ደግሞ ጉድ ፈላ። ባለቤቴ ገና ከበር ስታየኝ «የጌታ ያለህ!» ብላ አልጋ ውስጥ ከተተችኝ። ሰፈሩ ሰማ። እኛ ዘንድ ሰው ታመመ ከተባለ መቼም አይቀርም፤ ሐጂ ማር ይዘው መጡ፣ ባለቤታቸው ሾርባ አስከትለው። «ወላሂ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እኛ ነን ያስገደድንህ» ብለው እጄን ይዘው ተከዙ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። የጸሎት ቡድኑ አልጋዬን ከቦ ጸለየልኝ፤ እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አሜን እላለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ። ሥራ ይጠብቀኛል፣ ጀርባዬ ተላላጠ፣ መነሳት ግን የት አባቴ! ብነሳ ማን ያምነኛል? ክሊኒክ ወሰዱኝ፤ ሐኪሙ «ልብዎ የጎረምሳ ነው» ሲል ባለቤቴ እልል አለች። በቀጣዩ እሁድ በጉባኤ ፊት ቆመን ምስጋና አቀረብን። ምን ልበል? ቆሜ አብሬ አመሰገንኩ።

ለጠያቂው ሁሉ ሻይ የምታቀርበው ልጄ ነበረች። ብርጭቆ ታቀብላለች፣ ትራሴን ታስተካክላለች። ጠዋት ጠዋት ግን አንጓዬን መያዝ ተወች። ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም።

ቀነ ገደቡ አለፈ። ክረምቱ ገባ፤ ማኅበሩ የመረጣቸውን ልጆች ይዞ በበጋው ሄደ። ልጄ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችኝም። ብትጣላኝ እኔም እጮህ ነበርና ይወጣልኝ ነበር። አንድ ቀን የብየዳ ቤቴን ስከፍት የወሰደቻቸው ቁርጥራጭ ብረቶች በሙሉ ተመልሰው ግድግዳው ሥር በርዝመታቸው ተደርድረው አገኘኋቸው። ከአጭሩ እስከ ረጅሙ። እነዚያን ብረቶች ሳይ እንዴት እንደተናደድኩ! በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን አንስቼ ለሰው በር ቆርጬ በየድኩት። ሌሎቹን መንካት አልቻልኩም፤ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ሠራተኛ ሊነካቸው ሲል እጮህበታለሁ።

ደረጃው ላይ መውጣት ተወች። ስልኳ ላይ ተራራ ማየት ተወች። አጠናች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ሰው «ልጅህ እንዴት ረጋ አለች፣ እንዴት ጨዋ ሆነች» ይለኛል። እኔም አዎ እላለሁ። የፈለግሁትን አግኝቼ የለ? ቤት ውስጥ እኮ ሰላም ነው። ሻዬን ሙቁን እጠጣለሁ። ግን ያ ሙቅ ሻይ አልጥም አለኝ፤ አንዳንድ ቀን ብርጭቆውን ካነሳሁ በኋላ እጄን ዘርግቼ እንደምጠብቃት አውቃለሁ። ትምህርት ቤቷን ታስባለች፣ ታልፈኛለች።

ዩኒቨርሲቲ ወልቂጤ ደረሳት። ከዘቢዳር ወዲያ ማዶ። ፍራሽና ሻንጣዋን ይዤ እኔ ነኝ የወሰድኳት። መኪናው ውስጥ ሙሉውን መንገድ ተራራው በመስኮት ይታያል፤ እሷ አንዴም አላየችውም፣ ተኝታ ነበር፣ ወይም ዓይኗን ጨፍና ነበር። ኪሴ ውስጥ ያ ፎርም ነበር። አልጣልኩትም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱም ነኝ። ከመነሳታችን በፊት ጠዋት ፈርሜበታለሁ፣ ቁልጭ ባለ ፊርማ።

ግቢው በር ላይ ፍራሹን አወረድኩ። ተማሪው ይተራመሳል፣ ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋል። እንደምንም አልኩት።

«ልጄ፣ ያን ቀን ዘቢዳር ላይ አልታመምኩም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ሻንጣዋን እያስተካከለች ነው የመለሰችልኝ።

«ምን?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ቆጠርኩት እኮ። ልብህ ከእኔ ልብ ይልቅ ረጋ ብሎ ነበር የሚመታው። ከንፈርህም ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ? ሃያ ደቂቃ ነበር እኮ የቀረሽ! ለምን ጥለሽኝ አልወጣሽም?» ይኸው፣ እዚያም ላይ ጮህኩባት። በእሷ ላይ! ሰው ዞሮ አየን።

«አልቻልኩም አልከኝ» አለች። «አልቻልኩም ያለ ሰው ይታመናል። ቆጥሬ ከሆነ የማምነው ምኑን አመንኩ?»

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ተቀብላ አነበበችው፣ ፊርማዬን አየች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ ያ ግን ደስታ አልነበረም።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። አሁን የወላጅ ፊርማ አይጠይቁኝም» ብላ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ታዲያ ትሄጃለሽ?»

ፊቴን አየችና እጄን ያዘች። አንጓዬ ላይ ሁለት ጣቷን አሳረፈች፣ በሌላው እጇ ስልኳን አወጣች። ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሊያልፉ የሚፈልጉ ተማሪዎች ዞረውን ያልፋሉ። ዝም አልኩላት፤ እንዳላሳስታት።

«መቶ ሃያ ስድስት» አለች። «አሁን ነው የታመምከው። ቁጭ በል፣ ውሃ ልግዛልህ።»

ጥቅልል ፍራሿ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ወደ ሱቆቹ ሄደች። የፈረምኩበት ወረቀት እጄ ላይ ነበር፤ ባስፈለጋት ቀን ነበር መፈረም የነበረብኝ።